ባዶዋን እንዳትወርድ

አባዬ ከማረፉ በፊት ስለ መኪናዋ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘና፣ «ፊልሞና፣ ዲኤክሷን ላንቺ ትቻለሁ። ብትፈልጊ ንጃት፣ ብትፈልጊ ሽጫት፤ እጅሽ ላይ እስካለች ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት ባዶዋን እንዳትወርድ» አለኝ። እሺ አልኩት። በዚያ ሰዓት ምንም ቢለኝ እሺ እል ነበር፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ መሰለኝ። መኪና ያለው ሰው ጎረቤቱን ይዞ መውረድ ምን ያቅተዋል?

ቤታችን ፈረንሳይ ሠፈር ነው፣ ከላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል። ከእኛ በር እስከ ታክሲ መያዣው ያለው ቁልቁለት ሲወርዱት ጉልበት ይፈትናል፣ ሲወጡት ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ መሪ ሠፈር ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ስኖር የቁልቁለቱን ነገር ረስቼው ነበር። አባዬ ሲያርፍ እማዬን ብቻዋን መተው አልሆነልኝምና ዕቃዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ዲኤክሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ፤ አባዬ አንድ ዓመት ለፋሲካ አስቀብቷት ማኪያቶ ሆናለች። የቀኝ የኋላ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። የሾፌሩ መስኮት በማማሰያ እጀታ ተወጥሮ ነው የቆመው። የነዳጅ መለኪያዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነኝ ስለምትል አባዬ ከእሷ ይልቅ የገዛ ጭንቅላቱን ያምን ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሞተሪኖዋ አይሠራም። ቁልፉ ሲዞር ሌላ መኪና ያጉረመርማል፤ እሷ ዝም ትላለች። የሚያስነሣት የሰው ጉልበት ብቻ ነው።

ደግነቱ የሰው ጉልበት ሞልቷል። ከበራችን ፊት ያለችው መሬት ሜዳ ናት፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከእትዬ ሙሉጌጥ አጥር ወዲያ ነው። መኪናዋ እስከዚያች አጥር ድረስ ከተገፋች ቀሪውን ራሷ ታውቅበታለች። አባዬ ጠዋት በሩን ከፍቶ «በሉ እንግዲህ!» ሲል ከየአጥሩ ሰው ብቅ ይላል። የግፊቱ አዛዥ ጋሽ በዳዳ ናቸው፤ ድሮ ከእኛ ቤት በላይ ያለውን መሬት ያርሱ የነበሩ፣ አሁን አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰው። ኮታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡና በኦሮምኛ «ዺባ!» ብለው ያዛሉ። ሠፈሩ ውስጥ «ግፉ» ማለት መሆኑን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ባንክ የምትሠራው ልጃቸው አያንቱ ሂል ጫማዋን በቦርሳዋ ይዛ በነጠላ ጫማ ትገፋለች።

እትዬ ሙሉጌጥ ደግሞ መዳፋቸውን የኋላ መብራቱ ላይ ያሳርፋሉ። ግፊታቸው ያ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀበና አንድ ክሊኒክ እየሄዱ የጉልበት እንቅስቃሴ ይሠራሉ፤ ሐኪሙ በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡ አስጠንቅቋቸዋል። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ እጃቸውን ሳያነሡ አብረዋት ጥቂት ይራመዳሉ። ሞተሩ ሲነሣ ነጠላቸውን ያስተካክሉና «ኡፍ፣ ዛሬስ ከብዳለች» ብለው ጋቢና ይገባሉ። ማንም አይስቅም። የገፋ ይሳፈራል፤ ሕጉ ይኸው ነበር።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ለእኔም ገፉልኝ። ፍሪሲዮን አለቃቀቁን አላወቅሁበትም፤ መኪናዋ እንደ ፍየል እየዘለለች ስትወርድ አያንቱ ከኋላ «ፊሉዬ፣ ገድለሽ አትቅበሪን!» እያለች ትጮሃለች። ያም ሆኖ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነበር። ጋሽ በዳዳ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ አያንቱ ጫማ ትቀይራለች፣ እትዬ ሙሉጌጥ የአባዬን ነገር እያነሡ ይመርቁኛል። ቀበና ያለው መሥሪያ ቤቴ የምደርሰው እየሳቅሁ ነበር። ለአባዬ የገባሁት ቃል ያለ ምንም ድካም እየተፈጸመልኝ ነበር ማለት ነው።

ግን እኔ የተበላሸ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ተፈጥሮዬ ነው። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ መንግሥተ ሰማያት ብትገቢ እንኳ በሩ ሲጢጥ ይላል ብለሽ ዘይት ትጠይቂያለሽ» ትለኛለች። ሰዎቹ በዚያ ጭቃ መግፋታቸው አሳፈረኝ። አሮጊቷ ሴትዮ እጃቸውን ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያሳርፉ ባየሁ ቁጥር ውስጤ ይበግናል። መኪናዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሠርቼ፣ በሯን ከፍቼ፣ እንደ ክብራቸው ላወርዳቸው ወሰንኩ።

ለእማዬ ስነግራት ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። «ጥሩ ነው» አለች። «ፍሬኑን አሠሪ። መስኮቱንም። ማማሰያዬንም መልሽልኝ። ሞተሪኖዋን ግን ተያት።»

«ለምን?»

«አባትሽ እንደዚያ ነው የለመዳት።»

ሳቄ መጣ። እማዬ የአባዬን አሮጌ ጫማ እንኳ ከበሩ አጠገብ ያላነሣች ሴት ናት፤ ከናፍቆት የመጣ መሰለኝ። እሺ አልኳት፤ በልቤ ግን እሺ አላልኩም።

መካኒኩ ቶፊቅ ቀበና ወንዙ ዳር ጋራዥ አለው። እኩያዬ ነው፤ ነገር ሲያዋዛ ሥራውን የሚረሳ ይመስላል እንጂ እጁ አያርፍም። ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡን ነካካ።

«ይቺ መኪና እስከ ዛሬ በምንድን ነው ስትሄድ የነበረው?»

«በጸሎት።»

«አይታዘንባትም» አለና ፒንሳውን አነሣ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ቅዳሜ የራሱን ጉድ ይዞ መጣ። ካንዴላዎቹ ከስለው ነበርና ተቀየሩ። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት አብቅሎ ነበር፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ግሪስ ተቀባ። ማርሚታዋ ተበየደና ስትመጣ ከሩቅ መሰማቷ ቀረ። ራዲያተሩ ሲፈታ አረፋ ደፈቀ፤ አባዬ ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፍኖት ኖሯል። ቶፊቅ አረፋውን በጣቱ እያነሣ፣ «ፊልሞና፣ እዚህ ውስጥ ልብስ ይታጠብ ነበር እንዴ?» አለኝ። የፍሬኑን ሸራ ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር። በዚያ ቁልቁለት ሰው ጭኜ እወርድ የነበረው በዚህ ነበር፤ ሸራው ተቀይሮ እስኪያልቅ ድረስ ከጋራዡ አልወጣሁም።

ለሙከራ ወደ እንጦጦ ወጣን። ቶፊቅ «ዳገቱ ራዲያተሩን ይፈትናል፣ መልሱ ፍሬኑን ይፈትናል፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም» አለ። እማዬም ልሂድ አለችና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ውኃ የሞላ ጄሪካን በእግሮቿ መካከል ይዛ። አባዬ ዳገት ሲወጣ ጄሪካኑን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ራዲያተሩን ያጠጡታል። ያን ቀን አንድም ጊዜ ሳንቆም ወጣን። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠግቦ ይሸታል፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶ የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል። እማዬ ጄሪካኑን ይዛ ወረደች፤ ወዲያ ወዲህ አየችና ውኃውን አንዲት የባሕር ዛፍ ችግኝ ሥር ገለበጠችው።

«ይናደድ ነበር ይሆን?» አልኳት።

«ማ?»

«አባዬ። መኪናዋን ለወጥኳት።»

«ደስ ይለው ነበር» አለች። ከዚያ ባዶውን ጄሪካን አንኳኳችና፣ «ሞተሪኖዋን ብቻ ተያት» አለችኝ እንደገና።

አልተውኳትም። የመጨረሻው ቅዳሜ ለቶፊቅ ነገርኩት። ሞተሪኖውን ፈትቶ አወጣው፣ ከፈተው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ቅንድቡን ሰቀለ።

«ይሄ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ውስጡ ተቀይሯል፤ ብዙም አልሠራም።»

«ታዲያ ለምን ዝም ይላል?»

ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱ ጠፋ። ሲመለስ በጣቱ አንዲት ቀጭን ሽቦ ስቦ አሳየኝ። ጫፏ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ከባትሪው ሥር ተወሽቃ ነበር። «ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ትእዛዝ የምታደርሰው እሷ ናት። አልተበጠሰችም። ሰው ነው የነቀላት። በደንብ አድርጎ፣ ተጠንቅቆ።»

ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። አባዬ ሌባ ይፈራ ነበር። በር ቆልፎ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ነካክቶ ነበር የሚሄደው። ሽቦዋን የነቀላት መኪናዋን ማንም እንዳያስነሣት ነው። «ሌባን ለመከላከል ብሎ ሠፈሩን ሙሉ ሲያስገፋ ኖረ!» ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቶፊቅ ሽቦዋን ቦታዋ መለሳት። ቁልፉን አዞርኩት። ዲኤክሷ አንዴ አጉረምርማ ተነሣች፤ እስከ ጋራዡ በር ድረስ በደስታ ዘልዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አጥቤ፣ ሁሉንም በር ከፍቼ፣ ሞተሯን አስነሥቼ ክላክስ አደረግሁ። ጋሽ በዳዳ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጥፍ አድርገው ክንዳቸው ላይ ይዘው ከአጥራቸው ሲወጡ የሞተሩ ድምፅ አቆማቸው።

«ተነሣች?» አሉ።

«ተነሣች ጋሼ! ከእንግዲህ መግፋት ቀረ። ይግቡ!»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!» አሉና ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። «እኔ እንኳ ዛሬ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። ሂጂ አንቺ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

አያንቱ ሰው ይጠብቀኛል ብላ በነጠላ ጫማዋ ቁልቁለቱን ወረደችው። እትዬ ሙሉጌጥ አጥራቸው ጋ በዱላ ተደግፈው ቆመው ነበር። መኪናዋን ፊታቸው አቁሜ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። እጃቸው ልማድ ሆኖበት ወደ ኋላ መብራቱ ሊሄድ ብሎ አየር ላይ ቀረ።

«ይግቡ እንጂ እትዬ።»

«ምን ሠራሁልሽና፣ ልጄ? እግዜር ይስጥልኝ። ሂጂ፣ ቤንዚን አትጨርሺ።»

የዚያን ቀን ባዶዋን ወረድኩ። ይሉኝታ ይዟቸው ነው፣ ነገ ይገባሉ አልኩ። በማግስቱም ያው ሆነ። ጋሽ በዳዳ እግራቸውን ማፍታታት አላበቁም። ከዚያ ወዲያ ክላክስ ሳደርግ ጭራሽ የሚወጣ ሰው ጠፋ፤ ወይ ቀድመውኝ ወርደዋል፣ ወይ መኪናዋ እስክታልፍ አጥር ውስጥ ይጠብቃሉ። ያ ሁሉ ትርምስ የነበረበት መንገድ ጭር አለ። በመስታወቱ ባዶውን የኋላ ወንበር እያየሁ ስወርድ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አዘንኩ። አባዬን ነበር የሚወዱት ማለት ነው፤ እኔን የታገሡኝ ለእሱ ሲሉ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከሁሉም ከሁሉም የእሱ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ጀመር። በሕይወቱ አንድ ነገር ለምኖኝ፣ እሷኑ አቃተኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አያንቱን ታክሲ መያዣው ጋ አገኘኋትና ክንዷን ያዝኩ። «ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ። አኩርፋችሁኝ ነው?»

«ኧረ ምን አጥፍተሽ!» አለች። ዓይኔን ሽሽት ቦርሳዋን ነካካች። «ፊሉዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ምንም የለም።»

«አያንቱ!»

«እሺ በቃ። አባቴን ታውቂው የለ? በሰው መኪና ዝም ብሎ ተጭኖ አይሄድም። ድሮ እኮ እንገፋ ነበር። ጠዋት አንድ ነገር ሠርቶ፣ አልቦት፣ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ ይሄ ለእሱ ልክ ነው። አሁን በር ከፍተሽ ይግቡ ስትዪው እንደ ለማኝ ተሰማው። እኔም ብሆን እንዴት ብዬ ብቻዬን እገባለሁ?»

«ይሄ ሁሉ ለመግፋት ነው?»

«እኛስ ይሁን፣ ታክሲ አለ። እትዬ ሙሉጌጥ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ክሊኒኩን እኮ ትተውታል። ያን ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው ሰልፍ መቆም አልቻሉም። እግራቸው አልታዘዝ ሊላቸው ነው አሁን።»

በቀጥታ እትዬ ሙሉጌጥ ቤት ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፈው በር ከፈቱልኝ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ ለመንኩ። እሳቸው ወንበር አቀረቡልኝ፣ ስለ እማዬ ጤና ጠየቁኝ፣ እግራቸውን ሳነሣባቸው ደግሞ «እየተሻለኝ ነው» አሉ፤ ይህን ሲሉ ወንበራቸው ላይ ለመቀመጥ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው ነበር። ነገ ጠዋት ራሴ ደግፌ አስገባዎታለሁ ስላቸው ፈገግ አሉ። «አንቺ ደግ ልጅ ነሽ። የማልጠቅመውን ሰው ማስቸገር ግን አልለመድኩም» አሉኝ። ወጥቼ ሄድኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮፈኑን ከፈትኩት። ንዴቴን የማወጣበት ሌላ ነገር አልነበረኝም። ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ካንዴላው አዲስ፣ ባትሪው የሚያብረቀርቅ። ዓይኔ ቀጭኗ ሽቦ ላይ አረፈ። ጫፏ አጠገብ የጥቁሩ ፕላስተር ሙጫ አሁንም አለ። ሌባን ፈርቶ? ሌባን የፈራ ሰው ሽቦዋን ማታ ነቅሎ ጠዋት ይመልሳታል። ጠዋትም መልሷት አያውቅም። እንዲያውም ያ ሞተሪኖ ውስጡ ተቀይሯል፣ ተሠርቷል፤ ሰው ሞተሪኖ አሠርቶ ሽቦውን የሚነቅለው ለምንድን ነው?

ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ገባሽ?» አለችኝ።

«እሱም አሠርቷት ነበር!»

«አሠርቷት ነበር። እንዳንቺው ደስ ብሎት፣ ክላክስ እያደረገ፣ በር ከፍቶ። ማንም አልገባለትም። ባዶውን ወርዶ ባዶውን ወጣ። ምግብ አልበላ አለኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኮቱን አወለቀና ኮፈኑን ከፈተ። ሰኞ ጠዋት ‹ተበላሸች፣ ኑ ግፉልኝ› አለ። ያን ጊዜ ሙሉጌጥ እንዴት ደስ ብሏቸው እንደ ወጡ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሞተሪኖዋን ተያት አላልኩሽም?»

«ምክንያቱን ነዋ፣ እማዬ! ምክንያቱን!»

«ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር» አለች። «ሰዎቹ ካወቁ ምን ዋጋ አለው? ለእነሱ ብሎ እንዳደረገው ከሰሙ ያው ምጽዋት ነው። እኔ ቃሌን ጠበቅሁ፤ አንቺ ነሽ እናትሽን የማትሰሚ።»

አቀፍኳት። እጄ በግሪስ ተነክሮ ስለነበር ሻሽዋን አበላሸሁት፤ ለእሱም ተቆጣችኝ። ከዚያ አባዬ በዕድሜው ሙሉ ካስተካከላቸው ነገሮች ሁሉ የምትበልጠውን፣ ሆን ብሎ ያበላሻትን አንዲት ነገር፣ እኔም አበላሸኋት። ሽቦዋን ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ባትሪው ሥር ወሸቅሁ። ጠዋት ምን እንደምል ደጋግሜ ተለማመድኩ፤ በተለይ እትዬ ሙሉጌጥ እንዳይጠረጥሩ።

በማግስቱ ያካፋ ነበር። በሩን ከፍቼ መሪው ላይ ተቀመጥኩና ቁልፉን አዞርኩ። ዝም። እንደገና አዞርኩ። ጋሽ በዳዳ በአጥራቸው ላይ ብቅ ሲሉ ፊቴን አጨማደድኩት።

«ምነው ልጄ? አልተሠራችም እንዴ?»

«ተበላሸች ጋሼ። ያ ቶፊቅ የሚባል መካኒክ ጉድ ሠራኝ።» ያልበደለኝን ሰው ስም ማጥፋቴ ከነከነኝ፤ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኑ ግፉልኝ እባካችሁ። ረፍዶብኛል።»

«እነዚህ መካኒኮች!» አሉ ጋሽ በዳዳ። እንደዚያ በደስታ የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም። ኮታቸውን አወለቁ፣ አጠፉ፣ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡ። አያንቱ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። ከታችኛው በር የማላውቃቸው ሁለት ተማሪዎችም ተጨመሩ። «ዺባ!» ሲባል መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። እኔ መሪውን ይዤ የምጠብቀው ግን የእትዬ ሙሉጌጥን አጥር ነበር።

በሩ ተከፈተ። በዱላቸው፣ ቀስ ብለው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ጋሽ በዳዳ መኪናዋን ዘገም አደረጓት። እትዬ ሙሉጌጥ ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና መዳፋቸውን የኋላ መብራቱ ላይ አሳረፉ። ጥቂት አብረዋት ተራመዱ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ ዲኤክሷ ነጠር ብላ ተነሣች። ሰው ሁሉ በእልልታ ተንጋግቶ ገባ። ጋቢናው ሲከፈት ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ።

«ኡፍ» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ዛሬስ ከብዳለች።»

በእርጥብ ሰው ሙቀት የመኪናዋ መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ፣ አንዱ ተማሪ የአያንቱን ጫማ ረገጠ፣ ጋሽ በዳዳ ስለ መካኒኮች ክፋት እስከ ቀበና አወሩ። ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ነበር። ተማሪዎቹ ድልድዩ ጋ ወረዱ፤ ጋሽ በዳዳና አያንቱም አመስግነው የአራት ኪሎ ታክሲ ያዙ። ክሊኒኩ በር ላይ ስቆም የቀረነው እትዬ ሙሉጌጥና እኔ ብቻ ነበርን። በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አውጥተው ቆም አሉ።

«ሽቦዋን በደንብ ጠቅልለሻታል?»

«አቤት?»

«ክረምት ነው፤ ውኃ እንዳይነካት። አባትሽ በጥቁር ፕላስተር ነበር የሚጠቀልላት።»

ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ረስቼ ቁልፉን ልይዝ እጄ ሄደ። «እርስዎ... ያውቁ ነበር?»

«አጥሬ ቀዳዳ አይደለም እንዴ? ያን እሑድ ኮፈኑን ከፍቶ ሲነቅላት አየሁት፤ ትናንት ደግሞ አንቺን። ለበዳዳም ነገርኩት።»

«ጋሽ በዳዳም ያውቃሉ?» «እነዚህ መካኒኮች!» ያሉበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። «ካወቁ ታዲያ... እትዬ፣ ያው በነጻ መሳፈር አይደለም? ለምን ገቡለት? ለምንስ አሁን ለእኔ ገቡልኝ?»

እትዬ ሙሉጌጥ ሁለተኛውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አወጡት። ዱላቸውን አስተካከሉ። ሲያዩኝ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሁልጊዜው ነበር።

«ደህና መኪና ይዞ ግቡ የሚለውን ሰው እምቢ ማለት ይቻላል» አሉ። «እኔ እንዳላፍር ብሎ ደህና መኪናውን ያበላሸውን ሰው እምቢ ማለት ግን ነውር ነው፣ ልጄ።»

በሩን ሳይዘጉት ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ነገስ?»

«ነገም አትነሣም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» ብለው በሩን ዘጉት።